የነፋስ ዋስ

ሲያትል ውስጥ ሐምሌ ደረቅ ነው። አገር ቤት ሰዉ ጃንጥላ ይዞ በሚሮጥበት ወር እዚህ ዩኒየን ሐይቅ ላይ ሸራ ይወጠራል። ችግሩ አመሻሽ ላይ ነው፤ ነፋሱ ሳይሰናበት ይሄዳል። አንድ ወዳጄ 3 ሜትር ተኩል የምትሆን አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ገዛና በመጀመሪያው ቅዳሜ ይዞኝ ወጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ሸራው ገመድ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ሞተር የለን፣ መቅዘፊያ የለን። በመዳፋችንና በባልዲ ክዳን ውሃውን እየገፋን ዳር ስንደርስ ጨልሞ ነበር። በማግስቱ መቅዘፊያ ፍለጋ ወጣን።

በአማርኛ መቅዘፊያ ስንል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚነዳ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ረጅሙን ሽመል አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ሽመሉን ከእጁ በቀር የሚይዘው ነገር የለም። አሜሪካኖቹ እንዲህ በእጅ ብቻ የሚያዘውን ፓድል ይሉታል። ኦር የሚሉት ግን ከጀልባው ጋር የተቆራኘ ነው። በጀልባው ጠርዝ ላይ የ«ሀ» ፊደል ቅርጽ ያለው ብረት ይተከላል፣ የመቅዘፊያው ዘንግ በሁለቱ ቀንዶች መካከል ያርፋል፣ ቀዛፊው ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ይቀመጥና ጥንዱን ወደ ደረቱ ይስባል። ክንድ ብቻ ሳይሆን እግርና ወገብም ስለሚሠሩ ከባድ ጀልባ እንኳ እሺ ይላል። ስሙን ሳይለይ መደብር የገባ ሰው ታንኳ መንጃ ተሸክሞ ይመለሳል።

ከመውጣት በፊት ግን ሜትር ማውጣት ይበጃል። በሜይን ግዛት ኦሮኖ ከተማ ከ1858 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መቅዘፊያ የሚሠራው ሾው ኤንድ ቴኒ የሚመክረው ስሌት ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት ለካ፣ ለሁለት ክፈል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምር። ያ ከብረቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው። እሱን በ25 አብዝተህ ለ7 ስታካፍል የመቅዘፊያው ሙሉ ርዝመት ይወጣል። የወዳጄ ጀልባ በብረቶቹ መካከል 122 ሴንቲ ሜትር ነበረች፦ 61፣ ከዚያ 66፣ ከዚያ 236 ገደማ። ከ25 እጅ 7ቱ ከቀዛፊው ጋር፣ 18ቱ ከውሃው ጋር ማለት ነው። ይህ ሚዛን ሲዛባ ወይ እጅ ይዝላል ወይ መቅዘፊያው ውሃውን ላይ ላዩን ይልሰዋል።

ባለሸራ ጀልባ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ነፋስ እያለ መቅዘፊያው ተኝቶ የሚጠብቅ ተጠባባቂ ነው። ወለሉ ላይ በወጉ ካልተኛ ገመድ ይጠልፋል፣ እግር ያሰናክላል። ስለዚህ ብዙዎች ከስሌቱ ትንሽ አጠር ያለ ይይዛሉ። እኔ ብጠየቅ ግን ሲገዙ ረዘም ያለውን እመርጣለሁ። ረጅሙ ከእጀታው በኩል ይቆረጣል፤ አጭሩ አይቀጠልም።

የጀልባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ሲገቡበት ምናለሽ ተራን ያስታውሳል። የዛገ መልሕቅ፣ የተጠቀለለ ሸራ፣ በካርቶን የተሞላ ብሎን፣ ጥግ ላይ እንደ ቆጥ የተደገፉ መቅዘፊያዎች። አብዛኞቹ ብቸኞች ናቸው፤ ጥንዳቸው የት እንደቀረ እንጃ። ሁለት የማይመሳሰሉ መቅዘፊያዎችን በርካሽ አጣምሮ መግዛት የሚያጓጓ ስህተት ነው፤ አንዱ ከረዘመ ወይም ከከበደ ጀልባዋ በየምቱ ወደ አንድ ጎን ትዞራለች።

በዚህ ከተማ አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ሲያትል የቀዘፋ ውድድር ከተማ ናት። በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙት ስምንቱ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቀዘፏት ጀልባ እዚሁ በእንግሊዛዊው ጆርጅ ፖኮክ እጅ የተሠራች ነበረች። ከዚያ ዘመን ወዲህ የካርቦን መቅዘፊያ መጣ፤ በ1991 ደግሞ የቨርሞንቱ ኮንሴፕት ቱ ውሃ የሚገፋው መዳፉ እንደ መጥረቢያ ምላጭ የሰፋ መቅዘፊያ አወጣ፤ በዓመቱ በባርሴሎና ኦሎምፒክ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች እሱን ይዘው ቀረቡ። የቀድሞዎቹ የእንጨት መቅዘፊያዎች ሥራ ፈትተው በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ያምራሉ፤ ግን አንድ ሰው በሁለት እጁ ለሚስበው ውድድር የተሠራው 3 ሜትር ከ70 ገደማ ይረዝማል። ወዳጄ መደብር ውስጥ አንዱን አቅፎ ሲስቅ ሻጩም ሳቀ።

እንጨቱስ? ሁለት ስም ይደጋገማል። ስፕሩስ የጥድ ዘመድ ነው፤ በተለይ ሲትካ የሚባለው ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን አጽም ተሠርቶበታል። (የቦይንግ የመጀመሪያ አውሮፕላንም በ1916 የተነሳው ከዚሁ ዩኒየን ሐይቅ ላይ ነው።) አሽ ደግሞ ከእኛ ወይራ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ከባድ እንጨት ነው። ድንጋይ ቢመታው አይደነግጥም፣ ግን ሙሉ ቀን ሲቀዘፍበት ክንድ ዋጋ ይከፍላል። ነፋስ ሲጠፋ ብቻ ለሚቀዝፍ ሰው አሽም አይከፋም።

አሮጌ መቅዘፊያ የሚነበበው ከቆዳው ነው። ዘንጉ ብረቱ ላይ የሚፈተግበት ቦታ የበሬ ቆዳ ይሰፋለታል፣ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተት ደግሞ ወፍራም የቆዳ ቀለበት ይታሰርበታል። ድሮ ሞራ ይቀቡት ነበር። ቆዳው ቢያረጅ ምንም አይደል፤ አዲስ መስፋት ይቻላል። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን ልብ ነው። በሚስማር የተመታ ከሆነ ውሃ በሚስማሩ ቀዳዳ ይገባና እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ በቢላዋ ጫፍ ይጫኑት፤ እንደ ዳቦ ከገባ ይተዉት። ከዚያ አንድ ዓይን ጨፍኖ ዘንጉን እንደ ጠመንጃ ማነጣጠር ነው፤ የጠመመ አይቃናም። የመዳፉ ጫፍ ቢሰነጠቅ ሙጫ ይይዘዋል፤ ቆዳው አጠገብ ዘንጉን አቋርጦ የሄደ ስንጥቅ ግን መሃል ሐይቅ ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። በወፍራም ቀለም የተድበሰበሰውን እኔ አላምንም። ቫርኒሽ ግልጽ ነው፣ ቀለም ግን ብዙ ይሸፍናል።

በሦስተኛው መደብር 2 ሜትር ከ60 የሚሆን የስፕሩስ ጥንድ አገኘን። ቀጥ ያለ፣ ቆዳው ያለቀ፣ እጀታው በሌላ ሰው እጅ የለሰለሰ። ወዳጄ ከእጀታው በኩል 20 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ አዲስ መያዣ ሞረደ። ቫርኒሽ ሊቀባው ሲል መቅዘፊያዎቹን የሸጠልን ሰው የነገረን ትዝ አለን፤ ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ የእጅ መዳፍ ያቆስላል። ዘንጉን ቫርኒሽ፣ እጀታውን የተልባ ዘይት ቀባን። ከእጀታው በኩል ስለተቆረጠ ቆዳውም ወደ መቅዘፊያው መዳፍ በኩል መውረድ ስላለበት የድሮውን ገፈን አዲሱን በሰም በተነከረ ክር ሰፋነው። ብረቱ ውስጥ ስናስገባው ግን እንቢ አለ፤ አዲሱ ቆዳ ወፍራም ነው፣ የ«ሀ»ው ቀንዶች ጠባብ ናቸው። አሁን ሰፋ ያለ ብረት እየፈለግን ነው።