ሁለቴ ወይስ በየሁለት?
የእንግሊዝኛ የጊዜ ቅድመ ቅጥያዎች ትውውቅ

«ሪፖርት ባይመንዝሊ ይቀርባል» የሚል አንቀጽ ያለበት የፕሮጀክት ሰነድ ለሁለት ሰዎች ደረሰ እንበል። ደብረ ታቦር ያለው ባለሙያ በወር ሁለት ጊዜ ማለት ነው ብሎ ተረዳው። አዲስ አበባ ያለችው የሥራ ባልደረባው ደግሞ በየሁለት ወሩ ነው አለች። ዓመቱ ሲዘጋ እሱ 24 ሪፖርት ልኳል፤ እሷ የምትጠብቀው 6 ነበር። መዝገበ ቃላት አውጥተው ቢፈትሹም ዳኝነት አያገኙም፤ ታዋቂዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጡ አስፍረዋቸዋል። ግራ መጋባቱ የመጣው ከአንባቢው የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ከቃሉ ከራሱ ነው።

«ባይ» ከላቲን የተወረሰ ቅድመ ቅጥያ ሲሆን ሁለትን ያመለክታል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ሁለት የተባለው ድርጊቱ ይሁን ጊዜው አለመለየቱ ነው። ሁለቱ ወደ ድርጊቱ ከሄደ «ባይዊክሊ» በሳምንት ሁለቴ ይሆናል፤ ወደ ጊዜው ከሄደ በየሁለት ሳምንቱ። በዓመት ሲሰላ የመጀመሪያው 104፣ ሁለተኛው 26 ጊዜ ነው።

ወደ ዓመት ሲመጣ እንግሊዝኛ ራሱ መለያ አበጅቷል። «ባይአንዋል» አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ «ባይኒያል» ግን በየሁለት ዓመቱ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ዐውደ ርእይ «ባይኒያል» ነው። የግብርና ባለሙያዎችም ይህን ቃል ለተክል ይጠቀሙበታል፦ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ በብዛት የሚመረተው ሽንኩርት በተፈጥሮው «ባይኒያል» ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ራሱን ይቋጥራል፣ አበባና ዘር የሚሰጠው በሁለተኛው ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ በጣም ስለሚቀራረቡ ግን በችኮላ የሚጽፍ ሰው በቀላሉ ያምታታቸዋል።

ከ«ባይ» ይልቅ የሚታመነው «ሴማይ» ነው። ትርጉሙ ግማሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ጊዜውን ለሁለት ይከፍላል፦ «ሴማይዊክሊ» በየግማሽ ሳምንቱ፣ «ሴማይአንዋል» በየግማሽ ዓመቱ። ረቡዕና እሑድ የሚወጣው የአማርኛው ሪፖርተር ጋዜጣ «ሴማይዊክሊ» ቢባል ማንም አይሳሳትም። ቢሮዎቻችን በደንብ የለመዱት «ክዋርተርሊ» ሩብ ዓመትን፣ ማለትም ሦስት ወርን ይዞ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣል። ዘመዱ «ክዋድሬኒያል» ግን በየአራት ዓመቱ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆነው ማለት ነው።

ልዩነቱ ኪስ ውስጥ ሲገባ የበለጠ ይታያል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚቀጠሩበት ደብዳቤ ላይ ደመወዝ «ባይዊክሊ» ወይም «ሴማይመንዝሊ» ይከፈላል የሚል ይጻፋል። በደመወዝ ቋንቋ «ባይዊክሊ» በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ በዓመት 26 ክፍያ። «ሴማይመንዝሊ» ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 24 ክፍያ። እያንዳንዱ ክፍያ 2,000 ዶላር ቢሆን አንደኛው በዓመት 52,000፣ ሌላው 48,000 ያመጣል። የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ የሚታቀደው በዚህ ስለሆነ አዲስ ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት «በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚከፈለኝ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በጤና ሥራ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብም ይከብዳል። ለአማራ ክልል የትራኮማ መከላከያ መድኃኒት በዓመት አንዴ ይሰጥ ወይስ ሁለቴ የሚለው በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በጥናት ተፈትሿል። ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት ወጣ፦ ሁለቱም አሰጣጦች በሽታውን በእጅጉ ቀነሱት፤ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ በርእሳቸው ላይ «ባይአንዋል» አላሉም፤ «በዓመት ሁለት ጊዜ» ብለው በግልጽ ጻፉ። የጥናቱ ጥያቄ ራሱ አንዴና ሁለቴ ስለነበር አሻሚ ቃል ሊያስገቡበት አይችሉም ነበር።

ወባ በሚበዛበት በጣና ዳርቻ የጤና ባለሙያዎች ኳርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ሲሰጡም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይወሰዳል፤ በአጠቃላይ ስድስት ጊዜ። ነገር ግን «ሁለት ጊዜ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ጠዋትና ረፋድ የዋጠ ሰውም ሁለት ጊዜ ውጧልና። ስለዚህ የመጀመሪያው ከተዋጠ ከ8 ሰዓት በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ ተብሎ ይነገራል። ቁጥሩም ርቀቱም ሲነገር ታማሚው አይሳሳትም።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከጥንት የተዘጋጀ ነው። «በሳምንት ሁለቴ» ስንል የቆጠርነው ድርጊቱን ነው፤ «በየሁለት ሳምንቱ» ስንል ጊዜውን። ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ ትርጉሙን ስለሚወስን ሰሚው መገመት አይጠበቅበትም። የገበያን ቀጠሮ እንውሰድ፦ ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን በበጌምድር ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ አሞሌ ጨው ጭኖ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነጋዴ የገበያውን ቀን ቢሳሳት ሳምንት ሙሉ ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቀጠሮ ለጥርጣሬ ክፍት ሆኖ አይነገርም።

የማኅበሩም ኑሮ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። የሚካኤል ማኅበርተኛ ድግሱን «ወር በገባ በ12» ያወጣል፤ በዓመት 12 ጊዜ መሆኑን ማንም አይጠይቅም። ዓመታዊው በዓል ግን ሁለቴ ነው፦ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12። እንግሊዝኛ «ባይአንዋል» ብሎ በሚያድበሰብሰው ቦታ የእኛ ሰው ወሩንና ቀኑን ይጠራል፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽነት የለም።

አማርኛም ቢሆን ለባዕድ ጆሮ የሚያስቸግር ቦታ አለው። «የዛሬ ስምንት» ስንል በሳምንቱ፣ ከሰባት ቀን በኋላ ማለታችን ነው፤ «የዛሬ ዐሥራ አምስት» ስንል ደግሞ ከ14 ቀን በኋላ። የተነሣንበትንም ቀን አብረን ስለምንቆጥር ነው። በጎረቤታሞች መካከል ይህ አያጋጭም። በውልና በፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ግን አንድ ቀን ብዙ ነገር ስለሚያበላሽ ቀኑን በቁጥር መጻፍ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ይህን መንገድ ተከትሏል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ፣ የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ደንግጓል። በሁለቱም ላይ የሚያከራክር የጊዜ ቃል የለም።

የቢሮ ሰነድ፣ የሥልጠና መርሐ ግብር ወይም የሐኪም ትእዛዝ የሚያዘጋጅ ሁሉ የሚከተለውን ልማድ ቢይዝ ብዙ ጥፋት ይቀራል። በአማርኛ ስንጽፍ «ባይ»ን እንደወረደ አናስገባ። በእንግሊዝኛ ስንጽፍም «ትዋይስ ኤ ዊክ» ወይም «ኤቭሪ ቱ ዊክስ» ብለን እንዘርዝረው፤ ሁለት ሦስት ቃል መጨመሩ ምንም አያስከፍልም። ከሌላ የመጣ «ባይ» ሲያጋጥመን ደግሞ ገምተን ሥራ ከመጀመራችን በፊት ጸሐፊውን እንጠይቅ፦ በዓመት ስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ ቀናት? መልሱ ቁጥርና ቀን ሆኖ ከመጣ ሰነዱን ማንም ቢያነበው አንድ ዓይነት ነገር ይረዳል።