የዴስክቶፕ ሴሽን ማናጀርን ከምንጭ ኮድ አዘጋጅቶ ስለመጫን

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 11ን መጫን የማይችል ዜጎች ካሏቸው አማራጮች አንዱ ሊኑክስን እንደ ኤክስኤፍሲኢ ካለ ቀላል ዴስክቶፕ ጋር መጠቀም ነው። ይህ ማብራሪያ የኤክስኤፍሲኢን ሴሽን ማናጀር ከምንጭ ኮድ አዘጋጅተው ለመጫን ለሚፈልጉ ተጠቃሚዎች የቀረበ ነው።

ሴሽን ማናጀር ምንድን ነው?

ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከገባበት እስከሚወጣበት ያለው የሥራ ጊዜ ሴሽን ይባላል። ሴሽን ማናጀሩ የመስኮት አስተዳዳሪውን፣ ፓነሉንና የቅንብር አገልግሎቱን ያስነሳል። ተጠቃሚው ሲወጣ ክፍት የነበሩትን ፕሮግራሞች መዝግቦ በሚቀጥለው ጊዜ ሊመልሳቸው ይችላል። በአግባቡ ካልተጫነ ግን ትክክለኛ የይለፍ ቃል ያስገባ ሰውም ተመልሶ መግቢያው ገጽ ላይ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰነዶች ባይጠፉም፣ ችግሩ እስኪስተካከል በዴስክቶፑ በኩል ሊገኙ አይችሉም።

ከምንጭ ኮድ መጫን የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ሌሎች የሊኑክስ ስርጭቶች የተዘጋጀ ጥቅል ስለሚያቀርቡ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ይኸው በቂ ነው። ከምንጭ ኮድ መጫን የሚመረጠው በስርጭቱ ውስጥ ያልገባ አዲስ እትም ወይም ማስተካከያ ሲፈለግ ነው። ለምሳሌ ኤክስኤፍሲኢ 4.20 ይፋ የሆነው ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ቀደም የወጡ ስርጭቶች የያዙት የቀድሞውን እትም ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. በቅድሚያ የአስፈላጊ ሰነዶች መጠባበቂያ ቅጂ በፍላሽ ዲስክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።

2. የምንጭ ኮዱ ከአዘጋጆቹ ይፋዊ ማከማቻ ይወርዳል። አዘጋጆቹ ያወጡት ባለ 64 ፊደልና አኃዝ የሻ-256 መለያ ከወረደው ፋይል መለያ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነት ከታየ ፋይሉ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም።

3. የሲ ኮምፓይለርና አስፈላጊዎቹ ላይብረሪዎች ከነማበልጸጊያ ጥቅሎቻቸው ይጫናሉ። ከእነዚህ መካከል ጂቲኬ 3 ይገኛል። የኤክስኤፍሲኢ የራሱ ላይብረሪዎችም ከምንጭ ኮድ የሚዘጋጁ ከሆነ ቅደም ተከተላቸው ሊጠበቅ ይገባል፤ መጀመሪያ የመገልገያው፣ ቀጥሎ የቅንብር ማከማቻው፣ ከዚያም የገጽታው ላይብረሪ ይዘጋጃል።

4. በ4.20 እትም የኮንፊገር ትእዛዝ ኮምፒውተሩን ይመረምራል። የጎደለ ነገር ካለ ስሙን ጠቅሶ ይቆማል፤ የተጠቀሰው ተጭኖ ትእዛዙ እንደገና ይሰጣል።

5. የሜክ ትእዛዝ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ይለውጣል። እስከዚህ ያለው ሥራ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለማይጠይቅ በመደበኛ ተጠቃሚነት መከናወን ይኖርበታል።

6. በመጨረሻ የሜክ ኢንስቶል ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሰጣል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የኮንፊገር ትእዛዝ ሌላ ቦታ ካልተነገረው ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው ሎካል በተባለው ማህደር ስር ነው። ይህ ቦታ እንዳለ ቢተው ይመረጣል። ፕሮግራሙ የስርጭቱ ጥቅል በሚገኝበት ቦታ ከተጫነ ነባሮቹን ፋይሎች ይተካል፤ በቀጣዩ የሥርዓት ማሻሻያ ደግሞ ራሱ ሊተካ ይችላል።

በአንጻሩ መግቢያው ገጽ የሎካል ማህደሩን ላይፈትሽ ስለሚችል አዲሱ ሴሽን በምርጫ ዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ሆኖም አብዛኞቹ ስርጭቶች ትእዛዞችን አስቀድመው የሚፈልጉት በሎካል ማህደር በመሆኑ፣ የነባሩ ሴሽን ምርጫም አዲሱን ፕሮግራም ሊያስነሳ ይችላል።

መግባት ሲያቅት

በመግቢያው ገጽ ላይ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ መግቢያ ይከፈታል። ተጠቃሚው በዚያ ገብቶ ወደ ምንጭ ኮዱ ማህደር በመሄድ የሜክ አንኢንስቶል ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲሰጥ አዲሱ ፕሮግራም ይነሳል፤ የስርጭቱ ነባር ጥቅልም ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል። ስለሆነም አዲሱ ሴሽን በተደጋጋሚ ተሞክሮ አስተማማኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የምንጭ ኮዱን ማህደር መሰረዝም ሆነ ነባሩን ጥቅል ማስወገድ አይገባም።