ሜጭ፦ የኑግ የዱር ዘመድ

በመስከረም ከነቀምቴ ወደ ጊዳ አያና የሚጓዝ ሰው ሜዳው ቢጫ ለብሶ ሲያይ «አደይ አበባ!» ይላል። ከዚያ ቢጫ መካከል ግን ሜጭ አለ፤ እዚያው አገር ቱፎ ይሉታል። አጎንብሶ ላየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የሜጭ ቅጠል ግን ሳይሰነጠቅ ግንዱን ያቅፋል፤ ሲዳስሱት ይሻክራል። አበባውን ገልብጡት፤ አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ከሥር ይዘውታል።

ይህን ሳይለዩ ማለፍ የኑግን ነገር አለመረዳት ነው። ሜጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ኑግን ገበሬው ከሜጭ መርጦ ያላመደው ሰብል አድርገው ያዩታል። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም ማለት ይቻላል፤ ንብ ከሌላ ተክል ብናኝ ልታመጣለት ይገባል። ንቧ ደግሞ ኑግና ሜጭ ብላ አትመርጥም። ሁለቱም 30 ክሮሞሶም ስላላቸው ይዋለዳሉ፤ ልጆቻቸውም መካን አይደሉም። ስለዚህ ከኑጉ ማሳ ዳር የቆመ ሜጭ የቆመበትን መሬት ብቻ አይሻማም፤ በሚቀጥለው ዓመት ዘር ውስጥም ይገባል። ሲደርስ ደግሞ ፍሬውን አፈሩ ላይ ያረግፋል፤ ኑግ ግን ፍሬውን በተሻለ ይዞ አጨዳውን ይጠብቃል።

አያና ገበያ ላይ ኑግ የምትሸጥ አንዲት እናት እፍኝ ዘግና መዳፏ ላይ በተነችልኝ። የኑጉ ፍሬ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ከመካከሉ ደቀቅ ያሉትን በጣቷ ለየች። «ልጄ፣ ይቺ የሜጭ ናት፤ ዘር አታድርጋት» አለችኝ።

የአፈሩም ነገር አለ። ኑግ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ይችላል፤ ከኑግ በኋላ የተዘራ እህል ያምራል፣ አረሙም ይቀንሳል። ሜጭ ለአፈሩ ምን ትቶ እንደሚሄድ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ፣ ሜጭ ከበቀለበትና ሣር ብቻ ከነበረበት ቦታ አፈር አምጥቶ በሁለት ማሰሮ ጤፍ ይዝራ። ከሜጭ ጎን ምን ምን እንደሚበቅል ለማየት ደግሞ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ክፈፍ ሜዳው ላይ አስቀምጦ ውስጡ ያለውን ተክል ሁሉ ይቁጠር።

የሚያሳዝነኝ ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለው የአረም መድኃኒት አያያዝ ነው። መድኃኒቱ ጤፉን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፤ ኑግም ቅጠለ ሰፊ ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት የሚረጭ ሰው የራሱን ሜጭ ሲያጠፋ የጎረቤቱን ኑግ አብሮ ያቃጥላል። «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት እዚህ በኑጉ ላይ ይደርሳል። ሜጭ ካበበ በኋላ መንቀልም የዘገየ ሥራ ነው፤ ብናኙ ሄዷል።

ለዘር የሚቀመጥ ኑግ ካላችሁ ከማሳውና ከዳሩ ያለውን ሜጭ ሳያብብ በእጅ ንቀሉ። ራቅ ብሎ ግጦሽ ላይ ያለውን ግን አትንኩ። የወለጋ ንብ ከእሱ ትቀስማለች፤ ያለ ንብ ደግሞ ኑግ ፍሬ የለውም። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እንደ ሻምቡ ያሉ የኑግ ዝርያዎች ለነገ የሚያሻሽል ሰውም የዱር ዘመዱ ያስፈልገዋል።