እስስቱ ማዕድንና የብር ጠብታ

ካታሊስት ምንድር ነው ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሁሉ «ራሱ ሳያልቅ የሌላውን ሥራ የሚያፋጥን ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ይቀረዋል። የቀረውን ግማሽ ዛሬ በማንጋኒዝ እናስረዳለን።

ማንጋኒዝ በጠባዩ እስስትን ይመስላል፤ ኤሌክትሮን ባጣ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። የማንጋኒዝ ሰልፌት ጨው በብዙ ውኃ ሲሟሟ ቀለም የለውም ለማለት ይቻላል። በተራው የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ጥቁር ነው። ፐርማንጋኔት ግን ደማቅ ሐምራዊ ነው። ከሰልፌቱ ተነሥቶ ፐርማንጋኔት ለመሆን እያንዳንዱ የማንጋኒዝ አቶም 5 ኤሌክትሮን መስጠት አለበት።

ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው አሞኒየም ፐርሰልፌት የተባለው ጨው ነው። ይህን ጨው ብቻ ከማንጋኒዙ ጋር በቀጭን አሲድ ውስጥ ብናሞቀው ሥራው ይዘገያል፤ የሚገኘውም ቡናማ አተላ ነው። ይኸውም ማንጋኒዙ ዳይኦክሳይድ ሆኖ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጥቂት ጠብታ የብር ናይትሬት ብንጨምርበት ግን ብልቃጡ ሐምራዊ ይሆናል። ብር ስንል የኪሱን ገንዘብ ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ፐርሰልፌቱ ከብሩ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ብሩም በፋንታው ከማንጋኒዙ ወስዶ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። እንግዲህ ካታሊስት ማፋጠን ብቻ ሳይሆን መንገድም ያስመርጣል።

ነገሩ የቀለም ጨዋታ ብቻ አይደለም። የብረት ፋብሪካ ኬሚስቶች ማንጋኒዝን ሲለኩ የኖሩት የዚህን ሐምራዊ ቀለም ድምቀት በማየት ጭምር ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 በሼፊልድ ያገኘው እጅግ ጠንካራ ብረት ከመቶ 12 ያህል ማንጋኒዝ አለበት፤ መጠኑ ከመቶ 5 ያህል ቢሆን ግን በመዶሻ የሚደቅ ተሰባሪ ይሆናል። ልኬቱ ቢሳሳት ብረቱ ይበላሻል።

ይህን የሚሞክር ወጣት አንድ ነገር ይወቅ። የቧንቧ ውኃ ክሎራይድ አለበት፤ ክሎራይድም ብሩን ይዞ ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ካታሊስቱ ከሥራ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሐምራዊው ቀለም ቢጠፋ «ማንጋኒዝ የለም» ብሎ ከመፍረድ በፊት ሙከራውን በእንፋሎት በተጣራ ውኃ ይድገም። አሲዱ ያቃጥላል፤ የብር ናይትሬቱም ቆዳ ያጠቁራል። በመሆኑም ያለ መምህርና ያለ ዓይን መከለያ መጀመር አይገባም።