በከተማ ዳር ያለ ፖሊስ፤ የአሜሪካ ጥናት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ምን ይጠቅማል?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የሚወጣ ሰው ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የሚወርድ ሱሉልታን ያገኛል። ሰበታ በፋብሪካዎቿና በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ፣ ቡራዩ ለዋናው ከተማ ውሃ በሚያቀብለው በገፈርሳ ግድብ፣ ሱሉልታ በሣሯና በወተቷ ስትታወቅ ኖራለች። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሰበታና ቡራዩ እያንዳንዳቸው 50,000 ያህል ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ያስወጣው ሠራተኛ፣ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጣው ወጣትና በአባቱ መሬት ላይ የቆየው ገበሬ በአንድ መንደር ተጎራብተው መኖር ጀምረዋል።

እንዲህ ባለ ስፍራ የፖሊስ ሥራ ምን መልክ ሊኖረው ይገባል? ስለ ፖሊስ ሥራ በብዛት የተጻፈው ጥናት የአሜሪካ ስለ ሆነ፣ ከዚያ አገር የተገኙትን ዋና ዋና ውጤቶች አስረድተን፣ ለእነዚህ ከተሞች የሚስማማውንና የማይስማማውን ለመለየት እንሞክራለን።

፩. የአገራችን ፖሊስ አመጣጥ

በቀድሞ ዘመን ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ያገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪገለጥ ድረስ ይመካከር ነበር። የዚህ ሥርዓት ብርታቱም ድካሙም አንድ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ያውቃል ብሎ ይነሣል። በአዲስ አበባ ግን እንግዳው ስለ በዛ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአራዳ ዘበኛ ተቋቋመ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ. ም. የወጣው የፖሊስ ዐዋጅ ቁጥር 6 ለመላው አገር አንድ የፖሊስ ሠራዊት መሠረተ።

የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት ይህን አንድነት ለውጦ፣ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኀይል እንዲያደራጁ ፈቀደ። በዚህ መሠረት በሦስቱ ከተሞች ጸጥታ የሚያስከብረው የኦሮሚያ ፖሊስ ነው፤ ከወሰኑ ወዲያ ማዶ የአዲስ አበባ ፖሊስ አለ፤ በፌዴራል ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል ፖሊስ ይገባል። ከተሞቹ በ2000 ዓ. ም. በተቋቋመው በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ውስጥ ነበሩ፤ በ2015 ዓ. ም. ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለሉ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች ስለ ወሰናቸው መስማማታቸውን ያስታወቁት በነሐሴ 2014 ዓ. ም. ነው። እንግዲህ በአንድ ነዋሪ ዕድሜ ውስጥ የአስተዳደሩ ስምና ቅርጽ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጧል ማለት ነው።

፪. የአሜሪካ ጥናቶች

በአሜሪካ 18,000 ያህል የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ይህ ብዛት ማነጻጸርን ስለ ረዳ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ልዩ ልዩ ሙከራዎች ተደርገዋል። ከእነርሱ አራቱን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው በካንሳስ ሲቲ በ1972 እና በ1973 የተደረገው ነው። 15 የጥበቃ ክልሎች በሦስት ተከፍለው፣ በአንደኛው የተለመደው የመኪና ቅኝት ቀረ፤ በሁለተኛው እንደ ነበረ ቀጠለ፤ በሦስተኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ። በወንጀሉም ሆነ በሕዝቡ ፍርሃት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ሁለተኛው በኒውአርክ የተደረገውና በ1981 የታተመው የእግር ቅኝት ጥናት ነው። ፖሊሱ በእግሩ ሲዘዋወር ወንጀሉ ባይቀንስም የነዋሪው ፍርሃት ቀነሰ። ከዚህም ፍርሃትና ወንጀል ለየብቻ መለካት የሚገባቸው ሁለት ነገሮች መሆናቸው ታወቀ።

ሦስተኛው በሚኒያፖሊስ ተጠንቶ በ1989 የታተመው ነው። ለፖሊስ ከተደረጉት የስልክ ጥሪዎች እኩሌታው የመጣው ከከተማው አድራሻዎች 3 በመቶ ያህል ከሚሆኑት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥበቃን በመላው ከተማ እኩል ከመበተን ችግሩ በሚፈላበት ስፍራ ማከማቸት ይሻላል የሚል አሳብ ተስፋፋ።

አራተኛው ቶም ታይለር የቺካጎን ነዋሪዎች ጠይቆ በ1990 ያሳተመው ነው። ሰው ሕግን የሚያከብረው ቅጣትን ፈርቶ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም ባለ ሥልጣኑ በትክክል አዳምጦ ያለ አድልዎ ይፈርዳል ብሎ ሲያምን እንደ ሆነ አስረዳ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት እያለ በ2014 በፈርጉሰን፣ በ2020 በዚያው በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ የሰው ሕይወት ጠፍቶ አገሪቱ ታወከች። በፈርጉሰን የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው ምርመራ፣ ፖሊሱ ከጸጥታ ይልቅ ለከተማው ገቢ የሚሆን መቀጫ ለመሰብሰብ ይተጋ እንደ ነበር ገለጠ። ፈርጉሰን ባለችበት ካውንቲ 90 የሚያህሉ ትናንሽ ከተሞችና ከ50 የሚበልጡ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የኛን ከተሞች ለሚያጠና ሰው ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ይህ ይመስለናል፤ ነዋሪው በአንድ ቀን ውስጥ ከአንዱ ፖሊስ ግዛት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሁሉንም ይፈራል እንጂ የኔ የሚለው የለውም።

፫. ማመዛዘን

የካንሳስ ሲቲው ውጤት ለኛም ትምህርት አለው። ለእያንዳንዱ ችግር መኪናና ሰው ይጨመር ማለት በቂ መልስ አይሆንም። የሚኒያፖሊሱ ግን እንዲሁ ሊወሰድ አይችልም። ያ ጥናት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ቤት ሁሉ አድራሻ እንዲኖረውና የተበደለ ሰው ወደ ፖሊስ እንዲደውል። በአዲሶቹ መንደሮች ቤቱ ቁጥር የሌለው ነዋሪ ስፍራውን የሚያመለክተው በወፍጮ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በታክሲ ማዞሪያ ነው። ሁለተኛው ከዚህም ይከብዳል። በየካቲት 2011 ዓ. ም. በጎረቤት ከተማ በለገጣፎ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ ለአፍራሹ ጥበቃ የቆመው የጸጥታ ኀይል ነበር። ለቤቱ ካርታ የሌለው ሰው በሌሊት ቢዘረፍ፣ በማግስቱ ጣቢያ ሄዶ አድራሻውን ሊያስመዘግብ ይደፍራልን? ካልደፈረ በመዝገቡ ላይ ጸጥተኛ የሚመስለው መንደር በእውነቱ ከሁሉ የተጠቃው ሊሆን ይችላል።

የታይለር ጥናት ደግሞ ስለ ቋንቋ እንድናስብ ያደርገናል። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ይህ ለተያዘው የተጻፈ መብት ነው፤ ነገር ግን አቤት ባዩም፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቀው ገበሬም ሆነ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው አዲስ ገቢ፣ ቃሉ ሳይጣመም መመዝገብ አለበት። ያልተደመጠ ሰው ተፈረደልኝ አይልም።

ይህ ሁሉ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በመስከረም 2009 ዓ. ም. መጨረሻ በሰበታ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። በመስከረም 2011 ዓ. ም. በቡራዩና በአሸዋ ሜዳ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቆጠርም ከቤቱ ተፈናቀለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖሊስ የሟቾቹን ቍጥር 23 ሲል፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 58 አለ። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 35 ሰው ነው። በአሜሪካም በፖሊስ ጥይት የሚሞተው ሰው በዓመት 1,000 ያህል መሆኑ በደንብ የታወቀው፣ ከ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ጋዜጠኞች መቍጠር ከያዙ በኋላ ነው። የሞተውን በትክክል መቍጠር የጥናት ሁሉ መጀመሪያ ነው።

፬. ወደ ፊት ሊጠና የሚገባው

ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች ሦስት አርእስቶች እናቀርባለን። አንደኛ፣ በወሰን ዳር ያለ ነዋሪ ሲበደል ወደ የትኛው ጣቢያ እንደሚሄድ፣ ከዚያስ ወደ ሌላው ይመለስ እንደ ሆነ። ሁለተኛ፣ ለጣቢያ ከሚደርሰው አቤቱታ ሌላ በእድር ዳኛ፣ በሽማግሌና በአባ ገዳ ፊት የሚያልቀው ጉዳይ ምን ዐይነትና ምን ያህል እንደ ሆነ። ሦስተኛ፣ በየቀበሌው ኅብረተሰቡን ለማሳተፍ የሚመደበው ፖሊስ ከነዋሪው ወሬ ከመሰብሰብ አልፎ ለነዋሪው መልስ ይሰጥ እንደ ሆነ።

ከአሜሪካ የምንወስደው ዘዴውን፣ ማለት አስቀድሞ መለካትን፣ ማነጻጸርንና ውጤቱ ደስ ባያሰኝም ማተምን ነው። ጥያቄው ግን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ መነሣት አለበት። ቤቱ ቁጥር የሌለው ሰው በጥናታችንም ውስጥ ቁጥር ካጣ፣ የተጠና የሚመስለን ፖሊስ የመዝገቡን እንጂ የመንደሩን ጸጥታ አያሳየንም።