የጠፋው ድምፅ የት ቀረ? በሊኑክስ ኮምፒውተር የድምፅ ቀረጻ ችግርን ስለ መፈለግ



ገለጻዬን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐረር ጁገል፣ በአንድ ጌይ ጋር ውስጥ ነደባው ላይ ተቀምጬ፣ አንዲት አዛውንት እናት በሠርግ የሚዜመውን ጌይ ፈቀር ሲያዜሙ እቀዳ ነበር፤ ቢያንስ የምቀዳ መስሎኝ ነበር። ልጆቻቸው በከበሮና ከበል በሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ያጅቧቸዋል። በአዛውንት ፊት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ነውር ስለ መሰለኝ ዓይኔን ከእሳቸው አላነሣሁም። ማታ ፋይሉን ስከፍት 52 ደቂቃ ጸጥታ አገኘሁ። ተመልሼ እቀዳለሁ ስል ሥራ ያዘኝ፤ በዚያው ክረምት እኚያ እናት ዐረፉ።

ማይክሮፎኑ ደኅና ነበር። ጥፋቱን ያገኘሁት ጸጥታውን ራሱን ስመረምር ነው። ጸጥታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፋይሉን አጉልተን ስንሰማ ስስ ሹክሹክታ ካለ፣ አንድ ማይክሮፎን ሠርቷል፤ ወይ ድምፁ ዝቅ ብሏል ወይ የተመረጠው ሌላ ማይክሮፎን ነው። የእኔ ፋይል ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዜሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከክፍል ውስጥ አይመጣም። ፕሮግራሙ ሲቀዳ የቆየው ኮምፒውተሩ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከውን ነበር፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ሰዓት ምንም አላጫወተም። ሊኑክስ ይህን ምንጭ ሞኒተር ብሎ በማይክሮፎኖች ዝርዝር ውስጥ ስለሚያስቀምጠው መሳሳት ቀላል ነው።

ድምፅ በሊኑክስ ቢያንስ ሦስት እርከን ያልፋል። ከታች እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ከርነል 2.6 ጀምሮ መደበኛ የሆነው አልሳ አለ፤ እሱ ከሳውንድ ካርዱ ጋር ይነጋገራል። በላዩ ድምፅን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል አገልጋይ አለ፤ ቀድሞ ፐልስኦዲዮ ነበር፤ ፌዶራ ከ34ኛው፣ ኡቡንቱ ከ22.10 እትም ወዲህ ፓይፕዋየርን መደበኛ አድርገዋል። ከላይ መቅጃው ፕሮግራም ይቀመጣል። ብዙዎቻችን ችግር ሲገጥመን ከላይ ጀምረን ፕሮግራሙን አጥፍተን እንደገና እንጭናለን። ፍለጋው ከታች ቢጀመር ይሻላል።

አሬኮርድ የተባለውን ትእዛዝ ከጭረትና ከትንሿ ኤል ፊደል ጋር ብንጽፍ መቅዳት የሚችሉትን ካርዶች ይዘረዝራል። ማይክሮፎኑ እዚያ ከሌለ ነገሩ የገመድ ወይም የመሰኪያ ነው። ካለ አልሳሚክሰርን እንከፍታለን፤ በኤፍ6 ካርዱን፣ በኤፍ4 የመቅጃውን ገጽ እንመርጣለን። መጠኑ ከፍ ብሎም መቅጃው ራሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚከፈተው በስፔስ ቁልፍ ነው። ቀጥሎ ቀረጻ አስጀምረን ፓቩኮንትሮል በተባለው ፕሮግራም የቀረጻውን ገጽ እናያለን። ፕሮግራሙ ከየትኛው ምንጭ እንደሚወስድ የሚነግረን ይህ ገጽ ነው፤ ቀረጻ ካልተጀመረ ግን ባዶ ነው። እኔ ያን ቀን ይህን ገጽ ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ድምፅ ተገኝቶም የሚያስቸግር አለ። ከበል ሲመታ ድንገተኛና ስለታም ድምፅ ያወጣል፤ ጣሪያውን የነካ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፤ በኋላም በወጉ አይጠገንም። ስለዚህ በሙከራው ከፍተኛው ምት ከ12 ዴሲቤል በታች እንዲሆን፣ ማለትም ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ክፍተት እንዲቀር አደርጋለሁ። የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ የመብራቱ 50 ኸርዝ ሊሆን ስለሚችል ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ እቀዳለሁ። የብሉቱዝ ማዳመጫን ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ድምፁን ወደ ስልክ ጥራት ያወርደዋል። ፋይሉ በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት፣ በዋቭ ይቀመጥ። የጌይ ጋርን ክፍል በተመለከተ ግን ቅሬታ የለኝም፤ ምንጣፉና ግድግዳውን የሞላው ስፌት የገደል ማሚቶን ስለሚውጥ ከእኛ ስቱዲዮ ይሻላል።

በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በሙዚየማቸው ከብራና መጻሕፍትና ከሳንቲሞች ጋር የዜማ ቅጂዎችንም ሰብስበዋል። እኔ ለእንዲህ ያለ ስብስብ የምጨምረው 52 ደቂቃ ነበረኝ። ዘንድሮ ወደዚያው ቤት ተመልሼ የሟቿን ታላቅ ልጅ ቀዳሁ፤ አንድ ደቂቃ ሞክሬ፣ ለሁላችን አሰምቼ፣ ከዚያ ጀመርን። ዜማውን አሳምራ ያዘች። ከመካከሉ ሁለት ስንኞች ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ እነሱን የሚያውቁት እናቷ ብቻ እንደ ነበሩ ነገረችኝ።