ስለ ስኳር ሥርና ስለ ናይትሮጅን

ከቀይ ሥር ወገን ሆኖ ገላው ነጭ የሆነው ሥር ስኳር እንዳለበት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. የበርሊኑ ሊቅ ማርግራፍ ገለጠ፤ ደቀ መዝሙሩ አቻርድም በሲሌዝያ ፋብሪካ አቆመ። በዚያ ዘመን የሥሩ ስኳር ከመቶ 6 ያህል ነበረ፤ ዛሬ ዘር እየመረጡ በማራባት ከመቶ 17 ያህል ደርሷል።

ነገር ግን ቅጠል የለመለመበት እርሻ ሁሉ ስኳር የበዛበት አይደለም። ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ሲጐድል ተክሉ ይገረጣል፤ ሲበዛ ግን ኃይሉን ለቅጠል ይሰጥና የሥሩ ስኳር ይቀንሳል። ከዚህም በላይ በሥሩ የተከማቸው ትርፍ ናይትሮጅን በፋብሪካ ስኳሩ እንዳይረጋ ስለሚከለክል፣ ከፊሉ በሞላሰስ ውስጥ ይቀራል። ተክሉ ያልወሰደውም በዝናም ታጥቦ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ናይትሮጅን ላነሰው መሬት እንኳ በሄክታር ከ120 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል።

የዘር ሊቃውንትም አንዱ ዓይነት ከምድር ምን ያህል ናይትሮጅን እንደ ወሰደ፣ በወሰደውም ምን ያህል ስኳር እንዳበጀ ይመዝናሉ። ይሁን እንጂ ለክብደት ብቻ ቢከፈል ገበሬው ማዳበሪያ ከመጨመር ባልተመለሰም ነበር፤ በአውሮፓ ኅብረት ግን መደበኛ ተብሎ የተደነገገው ሥር ከመቶ 16 ስኳር ያለው ነውና፣ ዋጋው በዚሁ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል።